ሦስት የተዘነጉ የአማርኛ መጻሕፍትና ለልማድ ጥናት የሚሰጡት ምስክርነት

የአገሩን ልማድ ሊመረምር የተነሣ ተማሪ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚገልጠው የውጭ አገር መንገደኞችና ሊቃውንት የጻፉትን መጽሐፍ ነው። ይህ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ባለ አገሩ ከመልመዱ የተነሣ የማያስተውለውን ነገር እንግዳው ፈጥኖ ያያልና። የሚያስነቅፈው ተማሪው በዚያው ሲቀር ነው። ባለ አገሩ ስለ ራሱ ኑሮ በራሱ ቋንቋ የሰጠው ቃል ሳይሰማ የእንግዳው ቃል ብቻ ቢጸና፣ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ሊነበቡ ሲገባቸው ችላ ከተባሉት መጻሕፍት መካከል ሦስቱን ማንሣት ተገቢ ነው። አንደኛው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ነው፤ በ1925 ዓ.ም. ታተመ። ሁለተኛው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ነው፤ በ1942 ዓ.ም. ወጣ። ሦስተኛው አቶ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ ቃል ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ» ነው። እነዚህ መጻሕፍት ስማቸው ያልታወቀ አይደሉም፤ ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚናገር ሰው ሁሉ ይጠራቸዋል። ነገር ግን ስሙ የታወቀ መጽሐፍ ካልታወቀው ይልቅ የሚዘነጋበት ጊዜ አለ፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን ያነበበ ይመስለዋልና።

የመዘንጋታቸው ምክንያት በአጭሩ የሚዛን መሳሳት ነው። «አዲስ ዓለም» ልብ ወለድ ነው ተብሎ በልብ ወለድ ሚዛን ተመዘነ፤ ስብከት የበዛበት ሆኖም ተገኘና ተተወ። «ዝክረ ነገር» አንድ ቃል ወይም አንድ ማዕርግ ለመፈለግ ብቻ የሚገለጥ መዝገብ ተደርጎ ተቈጠረ፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ሰው አልተገኘም። «መጽሐፈ ትዝታ» ደግሞ ልጅ ለአባቱ ያቆመው የቤተ ሰብ መታሰቢያ መሰለ። ሦስቱም በውጭ ልብሳቸው ተፈረደባቸው። ይሁን እንጂ መጽሐፍ በአንባቢ ልቡና የሚቀረው ጸሐፊው ሊያስረዳ ባሰበው ነገር ብቻ አይደለም፤ ሳያስበው በመሰከረውም ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ሦስቱም ከባድ መጻሕፍት ናቸው።

የ«አዲስ ዓለም» ታሪክ አጭር ነው። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ትምህርት ወዶ ከአገሩ ይወጣል፤ ፓሪስ ደርሶም ተምሮ ይመለሳል። የመጽሐፉ ዋና ነገር የሚጀምረው ከተመለሰ በኋላ ነው። አወቀ ከዘመዶቹና ከአገሩ ካህናት ጋር በልቅሶ፣ በተዝካርና በጋብቻ ነገር ሊስማማ አልቻለም። እርሱ ልማዱ ሰውን የሚያደኸይና ከሃይማኖቱ ሥርዐት የራቀ ሆኖ ይታየዋል፤ እነርሱ ደግሞ እርሱ ከወገኑ የተለየ ሆኖ ይታያቸዋል። ወደ መጨረሻው ላይ ጉዳዩ ከአንድ ቤተ ዘመድ ጠብ አልፎ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት የሚታይ ነገር ይሆናል።

ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ያነሡት ከውጭ ሆነው አልነበረም። በመርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አድገዋል፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክተኝነት ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አውጥተዋል። ከዚያ በኋላ ወዲያው «አዲስ ዓለም» መታተሙ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። የሌላውን ጥበብ እየተቀበሉ የራስን ሃይማኖትና ሥርዐት ጠብቆ መኖር እንዴት ይቻላል? ይህ ጥያቄ በዚያን ጊዜ ለጸሐፊው የልብ ወለድ ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ሥራ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ጥያቄው በቂ መልስ ሳያገኝ በ1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ መጣ፤ ጸሐፊውም በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

በልብ ወለድነቱ ሲመረመር መጽሐፉ ጉድለት አለበት። አወቀ ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ራሱን አይጠራጠርም፤ ከአፉ የሚወጣው ንግግር ከሰው ንግግር ይልቅ ወደ ተግሣጽ ያደላል። ተቃዋሚዎቹም የሚቆሙት ብዙ ጊዜ እንዲረቱ ብቻ ነው። ይህን የሚሉት ነቃፊዎች አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ነገሩን በዚህ በመጨረሳቸው ነው። መጽሐፉን እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ችሎት ለሚያይ አንባቢ ሌላ ነገር ይገለጥለታል። አወቀ ከሳሽ ነው፤ ልማድ ተከሳሽ ነው፤ ጸሐፊው ዳኛ ናቸው። ዳኛው አስቀድመው ለከሳሹ ያደሉ መሆናቸው አይሰወርም። ነገር ግን በአገሩ የሙግት ሥርዐት ተከሳሽ ቃሉን ሳይሰጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጸሐፊው ልማዱን ለመንቀፍ ሲሉ ልማዱን ሊያናግሩት ግድ ሆነባቸው፤ ያ የተከሳሽ ቃል ለዛሬው አንባቢ ከፍርዱ ይልቅ የከበረ ሆኖ ይገኛል።

ለምሳሌ የተዝካርን ነገር መመልከት ይበቃል። ጸሐፊው ሊያስረዱ የፈለጉት ግልጽ ነው፦ ለአርባ ቀን ድግስ ሲባል በሬ ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ገንዘብ በብድር ይወሰዳል፤ የሟቹ ልጆች ግን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። የዘመድ ወገን የሚመልሰው ግን በስስት ወይም በስካር ብቻ የሚተረጐም አይደለም። ሟቹ በሕይወቱ የስንቱን ተዝካር በልቷል? ብድሩን ሳይመልስ ይቅር? ቤቱ ሳይዘከር ቢቀር ልጆቹ በጎረቤት ፊት በምን ዐይን ይታያሉ? በዚህ አሳብ ውስጥ ለልማድ ተመራማሪ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ሁሉ አለ። ተዝካር ለነፍስ የሚደረግ ጸሎት ብቻ ሳይሆን በቤቶች መካከል የሚዞር ዕዳ መሆኑ፣ ወራሹ በሕዝብ ፊት የሚታወቅበት ቀን መሆኑ፣ ድኻውም ከባለጠጋው ቤት የሚጠግብበት ሥርዐት መሆኑ ይታያል። ጸሐፊው «ይህ ለምን ይደረጋል?» ብለው አልጠየቁም፤ ጥያቄያቸው «ይህ እንዴት ይቅር?» የሚል ነበር። መልሱን ግን ሳያስቡት አስቀምጠውታል።

ከዚህም የተነሣ አንባቢ ከሁለት ስሕተት መጠበቅ አለበት። አንደኛው ስሕተት መጽሐፉን የተጉለት ኑሮ እንዳለ የተሣለበት ሥዕል አድርጎ መቀበል ነው፤ ለማሻሻል የተነሣ ሰው ከልማዱ የከፋውን እንጂ የዘወትሩን አይመርጥምና። ሁለተኛው ስሕተት ጸሐፊው ያደላሉ ብሎ ምስክርነታቸውን ሁሉ መጣል ነው። ያደላ ዳኛ የጻፈው መዝገብ እንኳ መዝገብ ነው።

«አዲስ ዓለም» የነቀፈው «ተዝካር» የተባለው ቃልና «ዝክረ ነገር» በአርእስቱ የያዘው «ዝክር» ሁለቱም ከግእዙ «ዘከረ» የወጡ ናቸው፤ ትርጓሜውም አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ለመጽሐፋቸው ይህን ስም ሲመርጡ ነገሩን ዐውቀውት ነው። የጠላት ዘመን ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አሮጌው የመንግሥት ሥራ በአዲስ ሕግና በአዲስ መሥሪያ ቤት ሲተካ፣ የቀድሞው አሠራር ጨርሶ ከመረሳቱ በፊት ሰብስበው አኖሩት። የቤተ መንግሥቱ ልዩ ልዩ የሥራ ክፍሎች፣ የግብር ሥርዐት፣ ማዕርጎች፣ ዐዋጆችና ደንቦች፣ የመሬት ሥሪት ሁሉ በዚህ ትልቅ መጽሐፍ ይገኛሉ። ደራሲው ስለ መሬት ሥሪት በእንግሊዝኛ የጻፉት ጥናት በ1957 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው ያንን አጭሩን ማንበብ መረጠ፤ የአማርኛው ዋና መጽሐፍ በ1962 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ቢታተምም አንባቢው አልበዛም።

በዚህ መጽሐፍ አንባቢን የሚይዘው የመሬት ስሞች ነገር ነው። ርስት፣ ጉልት፣ ሰሞን፣ ማደሪያ፣ ገንደበል፣ ወረገኑ፣ ሁዳድ እያለ ይዘረዝራል። በመጀመሪያ ሲታይ የደረቀ ዝርዝር ይመስላል። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ይገለጥለታል፦ ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ የመሬቱን ጠባይ የሚናገሩ አይደሉም፤ በመሬቱ ላይ ያለውን ሰው አገልግሎት የሚናገሩ ናቸው። ገንደበል የተባለው መሬት የያዘው ሰው በዘመቻ ጊዜ የመንግሥትን ስንቅና ዕቃ የመጫን ግዴታ ያለበት ነው። ወረገኑ የመንግሥት ከብት የሚጠበቅበት ነው። ሁዳድ ሕዝቡ በጉልበቱ ለመንግሥት የሚያርሰው ነው። ሰሞን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሰጠ ነው። ስለዚህ «ይህ መሬት የማን ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው የዛሬ ጥያቄ በዚያ ዘመን ሙሉ ትርጓሜ አልነበረውም፤ ተገቢው ጥያቄ «በዚህ መሬት ላይ ማን ለማን ምን ይሠራል?» የሚል ነበር። ይህን በክርክር የሚያስረዱ መጻሕፍት አሉ፤ «ዝክረ ነገር» ግን ሳይከራከር በስም ዝርዝር ብቻ ያስረዳል። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ከወጣ በኋላ እነዚህ ስሞች በሕግ ፊት ዋጋቸውን አጥተዋል። አንድን ቃል ከነሥራው ማግኘት የሚፈልግ ወደዚህ መጽሐፍ መመለስ አለበት።

የመጽሐፉ ጉድለት ከጥቅሙ ጋር አንድ ነው። ደራሲው በመንግሥት ከፍተኛ ሥራ የኖሩ ሰው ስለ ሆኑ ነገሩን ሁሉ የሚያዩት ከሚቀበለው ወገን ሆነው ነው። ገባሩ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ያለው በሚከፍለው ልክ ነው። ስንት ቁና እንዳገባ ይታወቃል፤ ካገባ በኋላ ለቤቱ ምን ያህል እንደ ቀረለት ግን መዝገቡ አይናገርም። መዝገብ እንዲህ ነው፤ የሚጽፈው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

ሦስተኛው መጽሐፍ ከሁለቱ በጠባይ የተለየ ነው። በ«መጽሐፈ ትዝታ» አባት ይናገራሉ፤ ልጅ ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉም። አለቃ ለማ በአሮጌው የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሊቅ ነበሩ። አቶ መንግሥቱ በበኩላቸው በለንደን የተማሩ፣ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» የታወቁ የቲያትር ደራሲ ናቸው፤ አስቀድሞም «የአባቶች ጨዋታ» የሚለውን መጽሐፍ በ1953 ዓ.ም. አሳትመው ነበር። የአባታቸውን ቃል በድምፅ መቅረጫ ቀርጸው ወደ ጽሑፍ መለሱት። በዚህም ምክንያት የመጽሐፉ አማርኛ ለአንባቢ ዐይን ብቻ የተጻፈ አማርኛ አይደለም፤ የሊቃውንት የቤት ጨዋታ ነው። ግእዝ በመካከሉ ይገባል፤ አንዱ ታሪክ ሌላውን ይጠራል፤ ዓመተ ምሕረት አይቈጠርም፤ ዘመን የሚታወቀው በነገሥታትና በመምህራን ስም ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩት የትምህርቱን ተራ ነው፤ ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ ትርጓሜ እንደሚኬድ ይዘረዝራሉ። ይህ ትክክል ቢሆንም አጽም ነው። «መጽሐፈ ትዝታ» ለአጽሙ ሥጋና ደም ይሰጠዋል። መምህሩ ከመምህርነቱ በቀር ሰው ሆኖ ይታያል፤ ተማሪው አገር ለአገር መዞሩ፣ ጥሩ ቅኔ ሰምቶ መደነቁ፣ ከጓደኛው ጋር መፎካከሩ ይታያል። የቅኔ ትምህርት በብራና ላይ ያለ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ፣ በሰው ስምና በቦታ ስም የሚታሰር ዕውቀት መሆኑን አንባቢ የሚረዳው ከዚህ ነው። ይህን ያነበበ ተማሪ ከዚያ ወዲያ አንድን የቅኔ መምህር በሚጠይቅበት ጊዜ አስቀድሞ «ምን ያስተምራሉ?» አይልም፤ «ከማን ተማሩ?» ይላል።

እዚህ ላይ «አዲስ ዓለም»ንና «መጽሐፈ ትዝታ»ን ማነጻጸር ይገባል፤ የሁለቱ ጠቅላላ ዋጋ የሚታወቅበት ስፍራ ይህ ነውና። አወቀ ከፓሪስ ተመልሶ ለዘመዶቹ ሊያስተምር ተቀመጠ። አቶ መንግሥቱ ከለንደን ተመልሰው ከአባታቸው ሊማሩ ተቀመጡ። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለው ጊዜ 34 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በውጭ አገር የተማረ ሰው ስለ አባቶቹ ዕውቀት ያለው አሳብ እንዴት እንደ ተለወጠ ከነዚህ ሁለት መጻሕፍት ይልቅ በግልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን የኋለኛውን አመስግኖ የፊተኛውን መናቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያዩት ልማድ በሙሉ ጕልበቱ ቆሞ ሰውን የሚያስገድድ ልማድ ነበር፤ አቶ መንግሥቱ ያዳመጡት ደግሞ ጕልበቱ እየደከመ የሚሄድ ነበር። የበረታውን መገሠጽ፣ የደከመውን ማዳመጥ ሁለቱም በጊዜያቸው የተገቡ ሥራዎች ናቸው።

«መጽሐፈ ትዝታ»ም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ የሚነበብ አይደለም። የአረጋዊ ትዝታ የሚወደውን ያጎላል፣ የማይወደውን ያሳንሳል። ስለዚህ ስለ ነገሥታት የተነገረውን ከዜና መዋዕሎቻቸው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ደግሞም ድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ የሚቀር ነገር አለ፤ ሣቁ፣ ዝምታው፣ ቃሉ የተነገረበት ዜማ በወረቀት ላይ አይገኝም። ልጅ የአባቱን ቃል ሲጽፍ አክብሮቱ እጁን ሊይዘው እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ሦስቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሚገነዘበው ሌላ ነገር ደግሞ በሦስቱም ውስጥ የማይናገሩት እነማን እንደ ሆኑ ነው። በ«አዲስ ዓለም» ስለ ልቅሶ ብዙ ተብሏል፤ የአልቃሺቱ ጥበብ ግን እንደ ጥበብ አልተቈጠረም። በ«ዝክረ ነገር» ስለ ግብር ድግስ ሥርዐት ተጽፏል፤ እህሉን ፈጭታ፣ እንጀራውን ጋግራ፣ ጠጁን ጥላ የምታድረው ሴት ልትናገር ስፍራ አላገኘችም። የቈሎ ተማሪም ኑሮ የቆመው በየገበሬው ደጅ በሚሰጠው ቁራሽ ነበር፤ ቁራሹን የሰጠችው ባልቴት ስለ ተማሪው ምን ታስብ እንደ ነበር ግን ተማሪው ሊነግረን አይችልም። ሦስቱም የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ልጆች መጻሕፍት ናቸው፤ የሚያሳዩትም በአብዛኛው የአማርኛ ተናጋሪውን የደገኛውን ክርስቲያን ዓለም ነው። ስለ መላው ኢትዮጵያ ልማድ ከእነዚህ ብቻ ተነሥቶ የሚጽፍ ተማሪ ይሳሳታል። ይሁን እንጂ ጉድለታቸው ራሱ ያስተምራል፤ ዝም ያለውን ሰው ፈልጎ መጠየቅ የሚችል ዝምታውን አስቀድሞ ያወቀ ነውና።

ስለ አነባበባቸው አንድ ምክር መስጠት ይቻላል። «አዲስ ዓለም» በአንድ ትንፋሽ ሊነበብ ይገባዋል፤ ከዚያም ተመልሶ የአወቀን ንግግር ትቶ የዘመዶቹን ቃል ብቻ ለይቶ ማንበብ ይጠቅማል። «ዝክረ ነገር» በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ በአጠገቡ ደብተር ተይዞ የሚነበብ ነው። «መጽሐፈ ትዝታ» ከሁሉ ይልቅ ድምፅ ተሰምቶ ቢነበብ መልካም ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል አንዱ እያነበበ ሌላው ቢያዳምጥ ደግሞ የበለጠ ይሻላል፤ የተወለደው እንዲሁ ነውና።

የዚህ ሁሉ ነገር አሳሳቢነት ከመጽሐፍ ፍቅር የሚያልፍ ነው። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏል። ገንደበል ምን እንደ ነበር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከትከሻው የሚያውቅ፣ በሁዳድ ላይ በሬ የጠመደ ሰው ዛሬ በየመንደሩ ጥቂት ነው፤ ነገ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። ተማሪው ወደነዚህ አረጋውያን ባዶ እጁን ቢሄድ የሚጠይቀውን አያውቅም፤ አረጋውያኑም ያልተጠየቁትን አይናገሩም። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴን ቃላት፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይን ክርክርና የአቶ መንግሥቱን ጆሮ ይዞ ቢሄድ ግን ሦስቱ መጻሕፍት ትተውት ያለፉትን ራሱ ሊጽፈው ይችላል። ተዝካር ለሙታን የሚደረገው ሕያዋን ሳሉ ነው፤ ለአረጋውያን ትዝታ የሚገባው ጊዜም እንዲሁ እነርሱ በሕይወት ሳሉ ነው።